ሃይማኖተ ኮምፒውተር በቦምቤ

በወላይታ ምድር አንዱ ወንድም ኦርቶዶክስ፣ ሌላው ቃለ ሕይወት ሆኖ በአንድ ማዕድ ሲቆርስ፣ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታም ዓመቱን ሙሉ አዋጥተው የገዙትን በሬ አርደው ጥሬውን በአንድ ዳጣ ሲያጣቅሱ ማየት የተለመደ ስለ ሆነ፣ ሰው በሃይማኖት የሚጣላበት ዘመን ቢያንስ በእኛ በቦምቤ አልፏል እያልሁ እጽናና ነበር። ዳሩ ግን ጠብ ከሰው ልጅ ጋራ አብሮ የተፈጠረ ነውና፣ ከሃይማኖት ሲባረር ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ አገኘሁት።

ነገሩ የተነሣው በ2018 ዓ.ም. ጊፋታ ነው። ለበዓሉ ከሐዋሳ የመጣው የእኅቴ ልጅ፣ ማመልከቻና ሲቪ እየጻፍሁ ወደምተዳደርባት ክፍል ጎራ ብሎ ኮምፒውተሬን ወዲያና ወዲህ ከመረመረ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ዊንዶውስ 10 እኮ ጥቅምት 4 ቀን ያበቃለታል፤ ከዚያ ወዲያ ማይክሮሶፍት እንደ ድሮው አፕዴት አይልክለትም። የእርስዎ ማሽን ደግሞ ፎርዝ ጄኔሬሽን ስለ ሆነ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። ሊኑክስ ልጫንልዎት» አለኝ። ዊንዶውስ 11 ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ክፍል የሌለውን ማሽን በደንቡ እንደማያስገባ እኔም ሰምቼ ነበር፤ ነገር ግን አንዳች ያልጎደለበት፣ ትናንት ሲሠራ የዋለ ዕቃ በሩቅ አገር በተጻፈ ቀኖና ከማኅበረ ምእመናን ሲለይ ማየት ለሽማግሌ ኅሊና ይከብዳል። አዲስ ልግዛ እንዳልል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቅቆ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ከወጣ ወዲህ፣ የላፕቶፕ ዋጋ መጠየቁ ራሱ ድፍረት ሆኗል።

ወሬው እንደ ተሰማ ክፍሌ ጉባኤ ሆነች። አንዱ «ራም ይጨመርበት» አለ፤ ሁለተኛው፣ ከፀሐይ በታች ላለው ደዌ ሁሉ አንዲት መድኃኒት ብቻ የሚያውቀው፣ «ፎርማት ይደረግ» አለ። ይህ ሰው ኮምፒውተር ቢዘገይ ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባበት ፎርማት፣ ጌም አልከፍት ቢል ፎርማት፣ የፕሪንተር ቀለም ቢያልቅም ፎርማት ማለቱ አይቀርም። ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኤስኤስዲ ማስገባት ይሻላል ያለው የሒሳብ መምህር ብቻ ነበር፤ እንደ እኔ ፍርድ ከዚያ ሁሉ ምክር ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው የእርሱ ነው፤ ያረጀ ማሽን ሲነሣ የሚያንቀላፋው አብዛኛውን ጊዜ በሚሽከረከረው ዲስክ ምክንያት ነውና።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ከአጥሬ ባሻገር ባለው ፕሌይስቴሽን ቤት የሚጮኸው ወጣት ከጉባኤው አንድም ቃል አልሰማም። ፕሌይስቴሽን 2 በዓለም ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000፣ ሶኒ መሥራቱን ያቆመው በ2013 መጀመሪያ ሲሆን፣ በመካከሉ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ከእነዚያም አንዱ፣ ጆይስቲኩ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ዛሬም የቦምቤን ጎረምሳ ከቀትር እስከ ማታ ያንጫጫል። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚጠይቅ የለም፤ አፕዴት የለውም፣ ፓስወርድ አይጠይቅም፣ ጠላቱ መብራት ኃይል ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን የሁለት ለባዶው መሪ «ተቆጥሮልኛል» ሲል፣ ተሸናፊው «ያልተፈጸመ ጨዋታ አይቆጠርም» ሲል የሚነሣው ክርክር ከእኛ ጉባኤ የሚበልጥ ሊቅ ይፈልጋል።

የእኅቴ ልጅ ጽኑዕ ሊኑክሳዊ ነው። ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 እንደ ጀመረው፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝም በ2004 ኡቡንቱን እንዳወጣው፣ ሁሉም ያለ ዋጋ እንደሚገኝ በትዕግሥት ሰበከ። ከደጁ የቆመ አንድ ልጅ «ጌምስ?» ቢለው፣ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ፕሮቶን የሚሉትን አስተርጓሚ አውጥቶ የዊንዶውሱን ጨዋታ በሊኑክስ እንዳስኬደ፣ በ2022 ገበያ የወጣው ስቲም ዴክም በዚሁ እንደሚሠራ አስረዳ። ልጁ ግን «ኳሱስ?» አለ። በዚህ ጊዜ ሰባኪው ዝም አለ፤ ፊፋ እያልን የምንጠራው፣ ከ2023 ወዲህ ስሙን የለወጠው የኢኤ ጨዋታ፣ አጭበርባሪ ለመከላከል በተተከለለት ዘበኛ ምክንያት ሊኑክስን ከደጅ ይመልሳልና። ቦምቤ ላይ ኳስ የማያጫውት ሥርዓት ደግሞ ተከታይ አያገኝም።

«እንግዲያውስ ዱዋል ቡት እናድርገው» አለ የእኅቴ ልጅ፤ በአንድ ዲስክ ላይ ሁለቱም ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይኑሩ ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ያወገዙ አባቶች ልጅ ነኝና፣ በአንድ አካል ሁለት ባሕርይ ሲባል ጆሮዬ ቆመ። ፕሮቶኑም ቢሆን ወደ ቱሳሔ፣ ወደ መቀላቀል፣ ያደላ መሰለኝ። ቃለ ሕይወቱ ወንድሜ ግን «አንተ ሰው፣ ይህ እኮ ኮምፒውተር ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

የኋላ ኋላ ነገሩን የቆረጠው አማርኛ የምጽፍበት ፓወር ግዕዝ ነው። የእኅቴ ልጅ ለሙከራ በሊኑክስ የቆየ ማመልከቻ ሲከፍት «ለቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ» የሚለው ራስጌ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ሆኖ ወጣ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ቢገባም፣ ከዚያ በፊትም በኋላም በቀድሞው ፎንት የተጻፈ ስንት የውርስ፣ የመሬትና የቅጥር ማመልከቻ በየፍላሹ ተኝቷል። ፎንቱን ከዊንዶውሱ ገልብጦ ሲጭነው ፊደሉ ነፍስ ዘራ፤ ኪቦርዱ ግን ሌላ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ በስንት ዘመን የሠለጠኑት ጣቶቼ «ጉዳዩ» ለማለት «ጉድ» እየጻፉ አስቸገሩኝ። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ አዲስ ኪቦርድ አይለመድም።

ስለዚህ ለሥራዬ ስል ዱዋል ቡቱን ተቀበልሁ፤ ኢንተርኔቱ በሊኑክስ፣ ጽሕፈቱና የልጆቹ ጨዋታ ሳን አንድሪያስ ከኢንተርኔት በተለየው ዊንዶውስ 10። ውሳኔዬ ማንንም አያስገድድም። አንባቢ ሆይ፣ ዊንዶውስ ቢወዱም ሊኑክስ ቢወዱም፣ ላፕቶፕዎን ለፎርማት ከመስጠትዎ በፊት ፋይልዎን በፍላሽ ይገልብጡ፤ የፓወር ግዕዙንም ፎንት አብረው መገልበጥ አይርሱ።