በሰፈር እድር ውስጥ የግል መረጃ አያያዝ፦ ስለ መዝገቡ፣ ስለ ጡሩምባውና ስለ መርዶው

እድር፣ አባላቱ በየወሩ በሚያዋጡት ገንዘብ ቀብር የሚያስፈጽምና ሐዘንተኛን የሚያጽናና የጎረቤታሞች ማኅበር ነው የሚለው የተለመደ ብያኔ ስሕተት ባይሆንም፣ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ቆጥሮ የማኅበሩን ትልቁን ንብረት ሳይቆጥር የሚያልፍ ነው። ትልቁ ንብረት መረጃ ነው። ባንክ የደንበኛውን ገንዘብ፣ ሆስፒታል የታካሚውን ሕመም ብቻ ሲያውቁ፣ አንድ የአዲስ አበባ የሰፈር እድር ግን አባሉ ከአማቱ ጋር ከመቼ ጀምሮ እንደተኳረፈና ማን ሊያስታርቃቸው ሞክሮ እንዳልሆነለት ጭምር ያውቃል።

የመረጃ አሰባሰቡ በይፋ የሚጀምረው በምዝገባ ዕለት ሲሆን፣ አዲስ ገቢው የራሱን፣ የትዳር ጓደኛውንና የልጆቹን ስም፣ በሕይወት ያሉ ወላጆቹን፣ የባለቤቱን ወላጆች፣ እንደየመተዳደሪያ ደንቡም ወንድሞቹንና እህቶቹን በዝርዝር ያስመዘግባል። መደበኛ ያልሆነው አሰባሰብ ግን የዕቃ ጫኙ መኪና በሩ ላይ ከቆመበት ሰዓት አንሥቶ ሲካሄድ ስለሚሰነብት፣ ምዝገባው ከመጠየቅ ይልቅ ወደ ማመሳከር ያዘነብላል፤ አመልካቹ የዘነጋውን የመጀመሪያ ትዳሩን ጸሐፊው የሚያስታውሱበት አጋጣሚም አለ። የመረጃ ጥበቃ ሕጎች አንድ ተቋም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበስብ የሚያዝዙት መርህ በእድር ዘንድ በጥብቅ የተከበረ ነው፤ ለእድር ሥራ የማያስፈልግ መረጃ እስካሁን አልተገኘምና።

መዝገቡ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ሲሆን፣ የሚቀመጠውም በጸሐፊው ቤት፣ ብዙውን ጊዜ በቁም ሣጥን ውስጥ ከጋቢው ሥር ነው። ምስጠራ፣ ማለትም ያልተፈቀደለት ሰው እንዳያነብ ጽሑፍን የመሰወር ጥበብ፣ በእድር ደረጃ የሚከናወነው በጸሐፊው የእጅ ጽሑፍ አማካይነት ነው፤ ዓመት ሲያልፈው ጸሐፊው ራሳቸው ካልተፈቀደላቸው ወገን ሆነው መገኘታቸው የምስጠራውን ጥንካሬ ያሳያል። መጠባበቂያ ቅጂው፣ ደብተሩ ቢጠፋ ወይም ዝናብ ቢያገኘው መረጃው የሚመለስበት ማለት ነው፣ በለቅሶ ቤት ጓሮ ሽንኩርት በሚልጡ እናቶች ዘንድ ይገኛል፤ ይህ ቅጂ ከዋናው የተሟላ ከመሆኑም በላይ በየዕለቱ ይታደሳል።

ትክክለኛነትን በሚመለከት እድር ከብዙ ተቋማት የሚልቅበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚከፈለው ገንዘብ በዝምድናው ደረጃ የሚለያይ በመሆኑ፣ ለእናት የሚሰጠው ለአክስት አይሰጥም። በዚህ የተነሣ ክፍለ ሀገር ያረፈች አክስት ወደ እናትነት ከፍ የምትልበት ዝንባሌ ስለሚታይ፣ የእድሩ ዳኛ የቀድሞውን ገጽ አስገልጠው የአባሉ እናት ከዚህ ቀደም በክብር መቀበሯን በትሕትና ያስታውሱታል። አባሉም እንጀራ እናት መሆኗን ይገልጻል። ጉዳዩ ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ይመራል።

ከስርጭት መንገዶች ሁሉ የታወቀው ጡሩምባ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2010 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ የሰዎች የግል መረጃ ያላግባብ ሲወጣ መረጃውን የያዘው ድርጅት ይህንኑ ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል እንዲያሳውቅ ያዝዛል። የእድር ለፋፊ ጎሕ ሳይቀድ በሰፈሩ ዞሮ የሟቹን ስም፣ የማን ወገን እንደሆነ፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ለማሳወቅ አንድ ሰዓት ስለሚበቃው፣ 71 ሰዓቱ በብራስልስ ለምን እንዳስፈለገ ለእድርተኛ ማስረዳት አዳጋች ነው። እርግጥ ነው፣ የቀብሩ ቦታ ሲጠራ የሟቹ ሃይማኖት፣ ሕግ ልዩ ጥበቃ የሚያደርግለት መረጃ፣ አብሮ ይለፈፋል፤ ሆኖም ይህን የማያውቅ ጎረቤት ኖሮ ከሆነ ጥፋቱ የጎረቤቱ ነው።

እስካሁን የተባለው እድር ምሥጢር የማያውቅ ተቋም ነው የሚል ግምት ሊያሳድር ይችላልና፣ መርዶን ጠጋ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። መርዶ፣ ርቆ የሞተን ዘመድ ዜና ለሐዘንተኛው በሥርዓት የማስታወቅ ልማድ ሲሆን፣ በምሥጢር አያያዝ ረገድ አቻው አይገኝም። የሞቱ ዜና በስልክ ሲደርስ መጀመሪያ የሚነገረው ለእድሩ ዳኛ፣ ቀጥሎ ለሽማግሌዎች፣ ከዚያም ለንስሐ አባት፣ ለሥራ ባልደረቦች፣ ለሱቅ ባለቤቱና ለጥበቃው ነው፤ ጡሩምባው እንዲቆይ፣ ድንኳኑ ሌላ ግቢ ተደብቆ እንዲያድር ይደረጋል። ሰውየው አመሻሹ ላይ በመንገድ ሲያልፍ ሰላምታው ከወትሮው ይልቅ ይሞቃል፤ ሱቅ ሲገባ ዱቤ አይጠየቅም፤ ይህም የሚያስጠረጥረው ነው። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ይንኳኳል። የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ አንድ መረጃ የሚመለከተው ሰው የማወቅ መብት አለው ብሎ ሲነሣ፣ መርዶ ግን ከሚመለከተው ሰው በስተቀር ሁሉም እንዲያውቅ አድርጎ ጠብቆ ያሳድራል፤ የሚያሳድረውም ሰውየው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሥራና ርቀት ስለሚያግዱ ምሥጢሩ እስከ ቅዳሜ የሚያዝበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀውን ነገር ለቀናት ከአንድ ሰው ብቻ መሰወር የሚችል ሥርዓት በየትኛውም ድርጅት አልተገነባም፤ ፌስቡክ ላይ ቸኩሎ ነፍስ ይማር የሚጽፍ የአክስት ልጅ ግን ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ሌሊት ያፈርሰዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥበቃም አለ። የሞት ምክንያት በእድር ዘንድ ሁልጊዜ «ባደረባቸው ሕመም» ነው። ምን እንዳደረባቸው ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሰፈሩ ግን አይናገርም፤ ቢናገርም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። የሴት አባላት ዕድሜ ደግሞ በምዝገባ ዕለት ከተነገረው ፈቅ ሳይል ይኖርና እውነቱ የሚታወቀው በሕይወት ታሪካቸው ንባብ ላይ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የአውሮፓ ደንብ የሚጠብቀው በሕይወት ያሉ ሰዎችን ብቻ ሆኖ የሙታንን መረጃ ለአባል አገሮች ሕግ የተወ በመሆኑ፣ ለእድር ሊሰጠው የሚችለው ትምህርት ውስን ነው። መረጃን የማሰረዝ መብትም ቢሆን በእድር የታወቀ ነው፤ ውዝፍ ያከማቸ አባል ሳይጠይቅ ይሰረዛል።

ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታ ተቆጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥታለች። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል። እድሮች ከአዋጁ ጋር እንዴት እንደሚጣጣሙ ገና የሚታይ ሲሆን፣ እስከዚያው የቅሬታ ሥርዓቱ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል፤ የግል ጉዳዩ ያለፈቃዱ የወጣበት አባል በወሩ መጨረሻ እሑድ ጠዋት በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ፣ ስሙንና የወጣበትን ጉዳይ በዝርዝር፣ ከኋላ የተቀመጡትም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስመዘግባል። አርፍዶ የመጣ ግን አስቀድሞ መቀጮውን ይከፍላል።