አባ መብረቅና የታደሰው መታወቂያ

ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ድሮ ፊቱን ወደ ቡሬ ያዞር ነበር። ቲሊሊን ያልፋል፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ምሳውን ይበላል፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ከደጀን በታች ሆዱን ይዞ የዓባይን በረሃ ይወርዳል፤ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ነፍሱ ትመለስለታለች። ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን መንገዱ እንዳሰቡት የሚሄዱበት መሆኑ ቀረ፤ ሲከፈት ይወጣል፣ ሲዘጋ ባሉበት ይታደራል። ስለዚህ አቅም ያለው፣ አቅም ባይኖረውም አዲስ አበባ ደህና ዘመድ ያለው ሰው፣ 118 ኪሎ ሜትር ወደ ባሕር ዳር ይመለስና በአውሮፕላን ይሳፈራል።

አጎቴን አባ መብረቅን ከሁሉ በፊት አልዋጥላቸው ያለው ይኸው ነበር። «አዲስ አበባ በዚህ ነው» አሉ ዱላቸውን ወደ ቡሬ ቀስረው። «አንተ የምትወስደኝ በዚያ ነው። ተምረህ ተምረህ መንገድ ጠፋህ?»

አባ መብረቅ የፈረስ ስማቸው ነው። መብረቅ የሚባል ዳማ ፈረስ ነበራቸው፤ ከሞተ ቆይቷል፣ ስሙ ግን ባለቤቱ ላይ ቀረ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት አሉት ይባላል፤ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉ ሲከበር፣ በዚያ ሁሉ ፈረስና አቧራ መካከል «ያውና አባ መብረቅ!» የማይል የለም። የክርስትና ስማቸውን የነፍስ አባታቸው፣ የመዝገብ ስማቸውን ግብር ሰብሳቢው ያውቃሉ። ሚስታቸው እንኳ «እሱ» ነው የሚሏቸው። የእናቴ ወንድም ይሁኑ እንጂ እኔም የመዝገብ ስማቸውን ያየሁት መታወቂያቸው ከሳጥን የወጣ ዕለት ነው።

ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው፣ አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ «እኔ ጋ መጥተው ካልታከሙ» ብሎ ትኬት ቆርጦ ላከ። የማድረሱ ነገር ዳንግላ ለምኖረው ለእኔ ተጣለ። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኋቸው «የታደሰ መታወቂያ አለዎት?» ብዬ ነው፤ ያለ እሱ የአውሮፕላን ማረፊያውን በር ማለፍ የለምና።

መታወቂያውስ አለ። ከግብር ደረሰኝና ከማዳበሪያ ወረቀት ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ወጣ። ፎቶው ላይ ያሉት ሰው ጢማቸው የጠቆረ ጎልማሳ ናቸው። ዕድሜ በሚለው ፊት 52 ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በፊት የነበረውም አብሮ ተጠቅልሎ ነበርና ገልጬ ባየው እሱም 52 ይላል። ጸሐፊው አዲሱን ሲጽፍ ከአሮጌው እየገለበጠ፣ አጎቴ በመንግሥት መዝገብ ሳያረጁ ኖረዋል። ጊዜው ግን አልፎበታል፤ መታወቂያው ከባለቤቱ ቀድሞ አረጀ።

ወደ ቀበሌ ሄድን። ጉርድ ፎቶ ተነሱ፤ ፎቶ አንሺው ጥምጣማቸውን አውልቁ ቢላቸው «መላጣዬን ማን ጠየቀ?» ብለው ትንሽ ተጣሉ። ማመልከቻ ተጻፈ፣ ደረሰኝ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ማኅተም ቀረ። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የመሳቢያው ቁልፍ ሥራ አስኪያጁ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው የት እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እንዳላለቀ ግን ሁሉም ያውቃል። አጎቴ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲጠብቁ፣ የሚያልፈው ሁሉ «እንደምን ዋሉ አባ መብረቅ» እያለ ይሰግድላቸዋል። ከውስጥ ያለችው ልጅ ደግሞ እኚህ ሰው እሳቸው መሆናቸውን የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች አምጡ ትላለች። በረንዳውን አሳየኋት። «ምስክሮቹ ቅጽ ላይ ይፈርሙ» አለች። እውነቷን ነው፤ ሰላምታ አይፈረምበትም።

የተወለዱበት ዘመን ጋ ስንደርስ ሥራው ቆመ።

«አባባ፣ መቼ ተወለዱ?»

«ደጃዝማች ፀሐዩ ጎጃምን ሲገዙ ያለ ረዳት ፈረስ ላይ እወጣ ነበር።»

ልጅቱ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አታውቃቸውም፤ ኮምፒውተሩም አያውቃቸውም። የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር አምጾ እሳቸው ከጎጃም የተነሡት በ1960 ዓ.ም. መሆኑን፣ ያኔ ይህ አገር አገው ምድር አውራጃ፣ ዋና ከተማውም ዳንግላ እንደነበር አስረዳኋት። ታሪኩን በትዕግሥት ሰማችና ወደ ቅጿ ተመለሰች።

«እሺ፣ ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«እግሬ እርካብ ይደርስ ነበር።»

ልጅቱ እሳቸውን ከላይ እስከ ታች አየች፣ ጣቷን ቆጠረች፣ «12 እንበል» አለች። በዚሁ ተስማማን። እንዲህ ሆኖ አጎቴ ከእርካብ ርዝመት ተሰልተው መስከረም 1 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚህ አገር ስንቱ ሽማግሌ በዕንቁጣጣሽ ዕለት እንደተወለደ መዝገብ ያየ ሰው ይፍረድ። ቀጥሎ ፋይዳ ሲመዘገቡ ልደታቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 1955 ሆኖ ወጣ። «እናቴ ሁለት ጊዜ አምጣለች በለኛ» አሉ።

ፋይዳውን ያስወጣናቸው ወንድሜ ነገ ባንኩም ሌላውም መሥሪያ ቤት ይጠይቃቸዋል ስላለ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የጸና የፌዴራል መታወቂያ ነው፤ ምዝገባው በነፃ ነው፣ የአሥሩም ጣት አሻራና የሁለቱም ዓይን ብሌን ይነሣል፣ በመጨረሻም 12 አኃዝ ያለው ቁጥር በስልክ ይመጣል። እኔ የፈራሁት ዓይናቸውን ነበር። በሞራ የተጋረደ ዓይን መሣሪያው እንዴት ያየዋል ብዬ ተጨነቅሁ። መሣሪያው ግን የሚፈልገው ከፊት ያለውን ባለ ቀለም ቀለበት ነው፤ ሞራው ከኋላ ነው። መሣሪያው ዓይናቸውን ወዲያው ተቀበለ። «እኔ እሱን ሳላየው እሱ አየኝ!» ብለው ደነቃቸው።

ችግር የሆነው ጣታቸው ነው። በእኛ በአዊ ዞን ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ያልተከለ ገበሬ ጥቂት ነው። ጥቂት ዓመት ያድጋል፣ ይቆረጣል፣ ይከሰላል፤ ከሰሉ በጆንያ ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። አጎቴ የከሰል ጉድጓድ ሲደፍኑ፣ ሞፈር ሲጨብጡ፣ ልጓም ሲስቡ የኖሩ ሰው ናቸውና የጣታቸው ጫፍ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ልሟል። መዝጋቢው ወጣት መስታወቱን ጠረገ፣ እጃቸውን በእርጥብ ሶፍት አሸ፣ ቅባት ቀባ፣ አውራ ጣታቸውን በራሱ እጅ ጫነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጭጋግ ብቻ ነው። «አባቴ፣ አሻራዎ ጠፍቷል» አላቸው። «አልጠፋም ልጄ፣ ሞፈሩ ላይ አለ» አሉት። ከአሥሩ የተነበቡት ተነበቡ፤ የቀሩት ምክንያታቸው ተመዝግቦ ታለፉ። ወጣቱ እጃቸውን ሲለቅ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ደህና ልጅ ነው።

በዚያው ሰሞን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጃቸው ደወለችና ስለ መታወቂያው መመላለስ ነገርኋት። ስቃ አላበቃችም፤ ለካ እሷም ከዚያው ወጥታለች። አሜሪካ ውስጥ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ለመብረር ተራው መንጃ ፈቃድ አይበቃም፣ «ሪል አይዲ» የሚሉት፣ የፌዴራሉን መስፈርት የሚያሟላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ላይ ኮከብ ያለበት መሆን አለበት ተብሏል። ሕጉ የወጣው እንደ እነሱ አቆጣጠር በ2005 ነው፤ በ2008 ይጀመራል ተባለ፣ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ላይ የዋለው በእኛ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆነ። «ነገ ና» የሚባለው አዊ ብቻ አይደለም ማለት ነው። አጎቴ ስልኩን ተቀብለው ጠየቋት።

«ኮከብ ከሰጡሽ ስንት ወታደር ታዢያለሽ?»

የመኖሪያዋን ማስረጃ ሁለት ዓይነት፣ ለምሳሌ የመብራት ሂሳብ ወረቀት፣ አምጪ መባሏን ስትነግራቸው ደግሞ አዘኑላት። «ሂሳቡማ እኛም ዘንድ ይመጣል» አሏት፣ «የማይመጣው መብራቱ ነው።»

ማኅተሙ በመጨረሻ ተመታ፤ ሥራ አስኪያጁም ከስብሰባቸው በሕይወት ተመለሱ። በሚኒባስ ተሳፍረን በአዲስ ቅዳም፣ በዳንግላ፣ በዱርቤቴ፣ በመራዊ አድርገን ወደ ባሕር ዳር ወጣን። ኬላ በደረስን ቁጥር «መታወቂያ!» ይባላል፣ አጎቴም ገና መኪናው ሳይቆም አዲሱን ካርድ በመስኮት ያወጣሉ። እንዲህ የተዘጋጀ ተሳፋሪ ፈታሾቹ አይተው አያውቁም መሰለኝ፤ አንዱ «አባት፣ ቆይ ገና አልጠየቅሁዎትም» ሲላቸው ሰምቻለሁ። ዳንግላን ስናልፍ ደግሞ የአባታቸውን ወሬ አነሱ፤ ከ1918 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እዚያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠውን፣ ዓባይንና ጣናን በበቅሎና በእግር እየዞረ ካርታ ያነሣውን ሜጀር ቺስማንን አባታቸው አይተውታል። «ያም ፈረንጅ ያለ ደብዳቤ አይንቀሳቀስም ነበር አሉ» ብለው ካርዳቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ወዲህ ስለ መታወቂያ አላማረሩም።

ባሕር ዳር ትኬቱን ላረጋግጥ ብገባ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ወንድሜ ትኬቱን የቆረጠው በሚያውቀው ስም ነው። በላቲን ፊደል «መብረቅ፣ አባ፣ ሚስተር» ይላል። መታወቂያው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ትኬት ቢሮ ያለችው ልጅ ካርዱን አየች፣ ስክሪኗን አየች፣ አጎቴን አየች።

«መብረቅ የሚባሉት ተሳፋሪ የት አሉ?»

«ሞቷል» አሉ አጎቴ። «ግሩም ፈረስ ነበር።»

ልጅቱ አለቃዋን ጠራች። አንድ ፊደል የተሳሳተ እንደሆነ ይታረማል፣ ትኬትን ለሌላ ሰው ማዞር ግን አይፈቀድም፤ ይህ የቱ ነው? እኔም የፈረስ ስም ምን እንደሆነ ላስረዳ ገባሁበት። እዚህ ላይ የረዳን የአውሮፕላን ማረፊያው ስም ነው። የባሕር ዳሩ ማረፊያ የተሰየመው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው፤ በላይን ደግሞ ጎጃም የሚጠራቸው አባ ኮስትር ብሎ ነው። «ደጃዝማች በላይ ዛሬ ቢሳፈሩስ፣ ዘመዳቸው አባ ኮስትር ብሎ ትኬት ቢቆርጥላቸው አይሄዱም ትላላችሁ?» አልኋቸው። አለቃው ሳቀ፤ የጎጃም ልጅ ኖሯል። ወንድሜ ጋ ደወሉ፣ ጠየቁት፣ አረጋገጡ፣ ስሙም ከመታወቂያው ጋር አንድ ሆኖ ወጣ።

በማግሥቱ የማረፊያው በር ላይ እኔ መንጃ ፈቃዴን አወጣሁ። አጎቴ ክንዴን ያዙኝ። «አውሮፕላኑን አንተ ነህ እንዴ የምትነዳው?» ሌላም መታወቂያ የሌለው ሰው መንጃ ፈቃዱን ሊያሳይ እንደሚችል ነገርኋቸው። «ታዲያ ሙሉ ዕድሜዬን ፈረስ ስጋልብ ለምን አንድ ወረቀት አልሰጡኝም?» አሉ፤ ለዚህ መልስ አላገኘሁላቸውም። ፈታሿ ወጣት ሴት ናት። ገና ከሩቅ አይታቸው በአዊኛ ሰላምታ ሰጠቻቸው፤ የግምጃ ቤት ልጅ ናት፣ ጥር 23 ሲጋልቡ አይታቸዋለች። ስለ ጤናቸው ጠየቀች፣ ስለ ከብቱ ጠየቀች፣ ፈረሱንም ጠየቀች። አጎቴ አልቋል ብለው እግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ እጇን ዘረጋች።

«አባ መብረቅ፣ አውቅዎታለሁ። መታወቂያዎን ግን ይስጡኝ።»

ሰጧት። ፎቶውን ከፊታቸው አስተያየች፣ በሚገባ አስተያየች፣ ከዚያ በሁለት እጇ መለሰችላቸው። አጎቴ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ያን ሁሉ የተመላለሱበት ካርድ ዝም ብሎ ቢያልፍ ይቆጫቸው ነበር።

መፈተሻው ጮኸባቸው። ቀበቶ አወለቁ፣ ጫማ አወለቁ፣ አሁንም ይጮኻል። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር የታሰረ የእሾህ ወረንጦ ተገኘ። «ሰማይ ላይ እሾህ የለም አባባ» ብሎ ፈታሹ ፈትቶ በሳህን አሳለፈው። ዱላውን ግን ይዞ መግባት አይቻልም ተባለ። ወደ ሻንጣ ማስረከቢያው ተመልሰን በላስቲክ ተጠቀለለ፣ ሚዛን ላይ ወጣ፣ ስማቸውና የበረራው ቁጥር ያለበት ወረቀት አንገቱ ላይ ታሰረለት። አጎቴ በተንቀሳቃሹ መስመር ሲሄድ እስኪሰወር አዩት። «እሱን መቼ ተወለድህ ያለው የለም» አሉ።

በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም። የመቀመጫውን ቀበቶ አስተናጋጇ ስታስርላቸው «ጠበቅ አድርጊው ልጄ፣ የላላ ኮርቻ ነው ሰው የሚገድል» አሏት። ጮቄን ስናልፍ፣ ዓባይን ስንሻገር እየነገርኋቸው ሄድን፤ ዓባይን እንዲያ በአንድ ትንፋሽ ማለፋችንን አላመኑኝም፣ እስካሁንም አላመኑም። አዲስ አበባ ስንወርድ ወንድሜ በር ላይ ቆሞ «አባ መብረቅ!» ብሎ ተጣራ። መቼም አይለወጥም።

እንግዲህ በባሕር ዳር በኩል የምትበሩ የአዊ ሰዎች ሆይ፣ መታወቂያችሁን ዛሬ ማታ ከሳጥን አውጡና የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ ስብሰባው መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅምና። ትኬት ለሚቆርጥላችሁ ዘመድ የመዝገብ ስማችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ዱላ የምትይዙ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ መጠቅለሉ ጊዜ ይወስዳል።