መልአክ ያላወጣው ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የዊንዶውስ ሲዲን ስም ሲያወጡ ግን መልአክ በአጠገቡም አላለፈ። ሲዲውን ከከተታችሁ በኋላ ከምልክቱ አጠገብ ብቅ የሚለውን ጽሑፍ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? «ቪአርኤምፒቪኦኤል» ይላል፣ ቀጥሎ የታች ሰረዝ፣ ቀጥሎ «ኢኤን»። እንዲህ ያለ ስም በቀረችኝ ጥርስ እንዴት ብዬ ልጥራው? የሰፈራችን ፎርማት አድራጊ ልጅ «ጋሼ፣ ስሙን ምን ያደርጉልዎታል፣ ዝም ብለው ኔክስት ኔክስት ይበሉ» አለኝ። ኔክስት ኔክስት! አገሩን ሁሉ የጨረሰው ይኼው ኔክስት ነው።

የሚያናድደው ደግሞ ሲመረምሩት ትርጉም ያለው መሆኑ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰርቪስ ፓክ 2 (ኤስፒ2) የተባለው ማሻሻያ የወጣለት የዊንዶውስ ኤክስፒ ስም ነው። ከ«ኤም» ቀጥላ የምትመጣው «ፒ» ፕሮፌሽናል ናት፤ ለቤት የተሠራው ቢሆን «ኤች» ትሆን ነበር። «ቪኦኤል» ለድርጅት በጅምላ የሚሸጥ ፈቃድ ነው። እዚያው ቦታ ላይ «ኤፍፒፒ» ካለ ከሱቅ በካርቶን የተገዛ፣ «ኦኢኤም» ካለ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር የመጣ ነው። እንግዲህ የኦኢኤም ቁልፍ ይዞ የቪኦኤል ሲዲ የሚጭን ምስኪን፣ 25ቱን ፊደልና ቁጥር በመነጽር ለቅሞ ከጻፈ በኋላ «ቁልፉ ትክክል አይደለም» ይባላል። ቁልፉስ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው በሩ ነው።

የኋለኛውስ መቼ ተሻለ? ዊንዶውስ 10 «ሲሲሲኦኤምኤ፣ ኤክስ64ኤፍአርኢ፣ ኢኤን-ዩኤስ፣ ዲቪ9» ይላል። ዲቪ ሲባል አሜሪካ የደረሰው የሚመስለው አይጠፋም፤ ይኼኛው 8.5 ጊጋባይት የሚይዘው ባለ ሁለት ንጣፍ ዲቪዲ ነው። «ኤፍአርኢ»ንም በነጻ የሚታደል ነው ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ለፕሮግራም ሠሪዎች ስህተት መፈለጊያ ይዘጋጅ ከነበረው እትም ለመለየት የተጻፈ ነው፤ ገንዘቡንማ ትከፍላላችሁ።

ቦታ ጠቦ ነው እንዳይሉኝ ደንቡን ጠይቄያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የሲዲ ደንብ፣ አይኤስኦ 9660 የሚሉት፣ ለስም 32 ቦታ ይሰጣል፤ የሚፈቅደው ትልልቁን የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ ነው። «ዊንዶውስ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል ኤስፒ2» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከነሰረዙ 27 ነው። ቆጥሬዋለሁ። አምስት ቦታ ይተርፋል!

ሊኑክስ ደግሞ ስሙ ይነበባል፤ ጣጣው ሌላ ነው። ሴንትኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት መጫኛው ሲነሣ ራሱን የሚፈልገው በስሙ ነው፦ «ሴንትኦኤስ 7 ኤክስ86_64 የሚባል ዲስክ የት አለ?» ብሎ። በእንግሊዝኛ 15 ቦታ ይይዛል። ፋት32 ተብሎ ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ከገለበጣችሁት ግን ፋት የሚፈቅደው 11 ብቻ ስለሆነ ጅራቱ ይቆረጥና «ሴንትኦኤስ 7 ኤክስ8» ሆኖ ይቀራል። መጫኛው የገዛ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ቤቱን ይፈልጋል፤ ሲደክመው ጥቁር ገጽ ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል። መፍትሔው ሲነሣ በሚመጣው ዝርዝር ላይ ትእዛዙን ከፍቶ የተቆረጠውን ስም እንዳለ መጻፍ፣ ወይም ከመጀመሪያው ምስሉን ሳይበትኑ በቀጥታ ፍላሹ ላይ መጻፍ ነው። ዊንዶውስ እንኳ ስሙን ብትቀይሩበትም ግድ የለውም፣ ይጫናል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ስም «የኔ ቆንጆ» ምናምን እያላችሁ አትቀይሩብን። መጻፍ ካማራችሁ ፕላስተር ለጥፉበትና በላዩ ላይ ምን እንደሆነ በአማርኛ ጻፉ፤ ጎላ አድርጋችሁ።