የተከራይ መጋረጃ

ቤት በለወጥን ቁጥር መጨረሻ የሚወርደው መጋረጃ ነው፤ አዲሱ ቤት ስንደርስ መጀመሪያ የሚፈለገውም እሱው። ፍራሹ መሬት ላይ ይነጠፍ፣ ድስቱ ከካርቶን አይውጣ፣ ግድ የለም። መስኮቱ ግን ራቁቱን አያድርም። ኮንዶሚኒየም ነዋ! ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ራት ምን እንደበላ እኛ ካየን፣ እነሱም የኛን ማየታቸው አይቀርም።

ታዲያ መች ልክ ይሆናል? ይኸው በ6 ዓመት አራተኛ ቤቴ ነው፤ አንዱ መስኮት ከሌላው ጋር ተስማምቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ቤት መጋረጃ ሁለተኛው ላይ ሲሰቀል፣ በአንድ ክረምት እንደተመዘዘ ልጅ ሱሪ ከቁርጭምጭሚት በላይ ቀረ። ቅምቅማቱን ተርትሬ ለቀቅሁት። ምን ዋጋ አለው? ታጥፎ የኖረውን ጨርቅ ፀሐይ አላየውም፤ ከላይ ያለው ገርጥቶ ገርጥቶ ሲያልቅ፣ ከታች አራት ጣት የምታህል ቡናማ ደምቃ ቀረች። የመጣ እንግዳ ሁሉ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ሦስተኛው ቤት ደግሞ መስኮቱ ሰፋ፤ ሁለቱ ክንፎች መሐል ላይ አንገናኝም ብለው በመርፌ ቁልፍ ተያይዘው ኖሩ።

ልግዛ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መስኮቴ 1 ሜትር ከ50 ነው ስለው፣ መርካቶ ያለው ሻጭ «3 ሜትር ውሰጂ» አለኝ። ሊበላኝ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ለካ ልክ ነበር፤ መጋረጃ ቢያንስ የመስኮቱን ወርድ እጥፍ ካልሆነ ሞገድ አይኖረውም፣ የተሰጣ አንሶላ ነው የሚመስለው። ይሄን የተማርኩት 2 ሜትር ቆርጬ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ አይመለስም።

ስለዚህ በዚህኛው ቤት ብልጥ ልሁን አልኩ። ስልኬ ላይ አንዲት ሴትዮ፣ ወደ ላይ እየተጣጠፈ የሚሰበሰበውን ዓይነት መጋረጃ ስትሠራ አየሁ። ጨርቁ ዝርግ ስለሆነ እጥፍ አይፈጅም፤ የመስኮቱን ልክና ትንሽ የቅምቅማት ትርፍ ብቻ ነው የሚበላው። ከጀርባው በየ25 ሳንቲሙ ቀጭን እንጨት ይገባበታል፣ እንጨቱ ላይ ትንንሽ ቀለበት ይሰፋበታል፣ በቀለበቱ ውስጥ ሲባጎ ያልፋል፤ ሲባጎውን መሳብ ነው፣ እጥፍ እጥፍ እያለ ይወጣል። ሴትዮዋ በ10 ደቂቃ ጨረሰች። እኔን ሦስት ቅዳሜ ፈጀኝ።

መጀመሪያ ለካሁ። መስኮቱ ከላይ 1 ሜትር ከ52፣ ከታች 1 ሜትር ከ49። ሜትሩ ነው ብዬ የጎረቤት ሜትር ተዋስኩ፤ ያው ነው። ግድግዳው ነው የተጣመመው። ቀጥሎ የጎረቤቴን የስፌት መኪና ለመንኩ፤ አንዱን ጠርዝ እንደጨረስኩ መብራት ሄደ። ሌላውን ጠርዝ በሻማ በእጄ ዘመዘምኩት፤ የሁለቱ ስፌት አንድ እናት የወለደቻቸው አይመስልም። ጨርቁን ሳላጥብ መቁረጤን ደግሞ ያወቅሁት በኋላ ነው። ጥጥ አንዴ ውኃ ሲነካው እንደሚሰበሰብ እናቴ ስንት ጊዜ ነግራኛለች!

ተሰቅሎ ቢገላግለኝ ጥሩ ነበር። አከራዬ ቁልፉን ሲሰጡኝ «ልጄ፣ አደራ፣ ግድግዳዬን እንዳትበሺብኝ» ብለዋል። መጋረጃውን በጸሎት ልስቀለው? ቢፈቅዱስ? ከመስኮቱ በላይ ያለው አርማታ ነው፣ ሚስማር ይቆለምማል። ከጎን ያለው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሚስማሩን ከነልስኑ ይውጠዋል። ድሪልና ፊሸር ያስፈልጋል፤ ድሪል ደግሞ ይጮኻል፣ አከራዬ የሚኖሩት ከታች ነው።

እንደምንም ሰቀልኩት። ሲባጎውን ሳብኩ፤ የቀኙ ጫፍ ወጣ፣ የግራው ቀረ። አንድ ትከሻው እንደወለቀ ሰው ተንጋዶ ቆመ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን የሚያንገበግበኝ መጣመሙ አይደለም። የድሮው መጋረጃ ቢያጥር ይቀጠላል፣ ቢጠብ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ይሄኛው እንጨቱ ሳይቀር በዚህ መስኮት ልክ ተቆርጧል፤ ለሌላ ቤት አይሆንም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጎልናል፣ እግዜር ይስጠው። የእኔ ውል ግን የፊታችን መስከረም ያልቃል። አከራዬም ሰሞኑን ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር የልጃቸውን ሠርግ ያነሱብኛል።

ትናንት ሲባጎውን ላስተካክል ወንበር ላይ ወጥቼ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ግድግዳ በቅርብ አየሁት። ከቀለሙ ትንሽ ነጣ ያሉ ክብ ክብ ነጠብጣቦች አሉ። አንዱን በጥፍሬ ብፍቀው ተፈረፈረ፤ ሸተትኩት፣ የጥርስ ሳሙና ነው። ቆጠርኳቸው፣ ሰባት ናቸው፤ ሁለቱ እንኳ እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ «እንዳትበሱ» ተብለው፣ በስተው፣ ደፍነው ሄደዋል።

ዛሬ ከሱቅ ስመለስ ትልቁን የጥርስ ሳሙና ገዛሁ።