የእንደራሴ ዘመን ፍቅር፣ ለሁሉም ክፍት

እንግሊዞች የንጉሣቸው አእምሮ ታውኮ ልጁ በእንደራሴነት የገዛበትን ዘመን (በፈረንጆች ከ1811 እስከ 1820) የዘመኑን ልብስ ለብሰው፣ መስፍንና ወይዘሮ እየሆኑ የፍቅር ጨዋታ ይጫወቱበታል፤ አሁን ደግሞ በጨዋታው ማንም ሳይገለል መስፍን መሆን ይችላል አሉ። ጨዋታውን ወደ እኛዎቹ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ካመጣነው ዘመኑስ ሞልቶልናል፤ ያኔ የእኛም ንጉሥ ጎንደር ተቀምጦ እንደራሴው ራስ ጉግሣ ከደብረ ታቦር ይገዙ ነበር። ችግሩ ፍቅሩ ላይ ነው። ሽማግሌ አጥንት ካልቆጠረ፣ ቀጥቃጩ «ቡዳ ነው» ተብሎ ካልተከለከለ ልብ በምን ይንጠለጠላል? «ጨዋታ እኮ ነው» ይባል ይሆናል። ይሁን፤ ሁሉም ወይዘሮ ከሆነች ግን ጠጁን ማን ይቅዳ? ሁሉን አቃፊ ጨዋታማ ከጥንትም ነበረን፤ በገና ጨዋታ ሎሌው ሩሯን እያሳደደ ጌታውን ቢዘልፍ አይቆጡትም ነበር። በማግስቱ ግን የጌታውን በቅሎ ይጭን ነበር።