ሙሉ ሻንጣ ወደ ጂንካ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የአዲስ አበባ ሰው ሀገሩን እንደማያውቅ ትዝ ይለዋል። ፈቃድ ይሞላል፣ ጓደኛ ያሰባስባል፣ ላንድክሩዘር ይከራያል፣ ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ለዕረፍት የመጣውን ዘመድ ከኋላ ወንበር ጭኖ ወደ ደቡብ ኦሞ ይነሣል። ሀገርን ማወቅ ያስመሰግናል። በአራት ቀን አውቆ መመለስ ደግሞ የበለጠ ያስመሰግናል፤ እዚያው ተወልዶ አርጅቶም ገና ያልጨረሳት ስንት አለ። ስለዚህ ዘንድሮ ለሚነሡ ወገኖች ስለ ጓዝ ዝግጅት የሚከተለውን ምክር ያለ ክፍያ ለግሻለሁ።

ከልብስ እንጀምር። ደቡብ ኦሞ በረሃ ነው፤ በረሃ ደግሞ ዝናብ አያውቅም። ይህንን ካርታ ሳይገልጡ፣ የጂንካ ሰው ሳይጠይቁ በሙሉ ልብ ማመን ይቻላል። ጂንካ ከባሕር ጠለል ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች አረንጓዴ ከተማ መሆኗ፣ ዝናቧም የአዲስ አበባን ሐምሌ ሳይጠብቅ በመጋቢትና በሚያዝያ ወርዶ በበልግ የሚያጠግባት መሆኑ ሻንጣ የሚያከብድ ዝርዝር ነው። ጃንጥላውን ቤት ይተዉት። በምትኩ የፀሐይ ክሬም፣ ሰፊ ባርኔጣና ኪሱ የበዛ ካኪ ሰደርያ ይያዙ። በኪሶቹ ምን እንደሚያዝ እስካሁን ያወቀ የለም፤ ፎቶ ላይ ግን አሳሽ ያስመስላሉ። ወደ ቱርሚ ከተማ ሲወርዱ ትናንት አሸዋ ብቻ የነበረ ወንዝ ደጋው ላይ በጣለ ዝናብ ሞልቶ ቢያገኙትና ሹፌሩ «እስኪጎድል እንጠብቅ» ቢልዎት አይስማሙ። የጉዞ ፕሮግራሙን አውጥተው ለወንዙ ያሳዩት።

ማጎ ብሔራዊ ፓርክ የሚገቡበትን ልብስ ለይተው ይያዙ፤ ጥቁር ቲሸርትና ሰማያዊ ጂንስ። ገንዲ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ የሚያጠምዱ ባለሙያዎች ወጥመዳቸውን ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ ይሰፋሉ፤ ዝንቡን እነዚህ ቀለሞች ይስቡታልና። እርስዎም እንዲሁ ለብሰው ሲገቡ የመንግሥትን በጀት ሳይነኩ ተንቀሳቃሽ ወጥመድ ይሆናሉ ማለት ነው። ለሀገር የሚደረግ አስተዋጽኦ በትንሹ አይጀመር?

ቀጥሎ ስጦታ። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነውና አንድ ከረጢት ከረሜላ፣ ምላጭ፣ ሳሙናና ልጅዎን የጠበበውን ካናቴራ ይጠቅልሉ። ከረሜላውን ልጆች መሐል ይበትኑና ሲሻሙ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ሰፈርዎ የገባ እንግዳ ለልጅዎ እንዲህ ቢበትን ምን እንደሚሉ አሁን አያስቡት። ውሃውን እየጠጡ ባዶ ፕላስቲኩን አይጣሉ። ልጆች ከመንገድ ዳር ሆነው «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ውሃ ይቀዱበታል። የጨረሱትን ጠርሙስ ከመኪና መስኮት መወርወር ቦሌ ላይ ቆሻሻ መጣል ይባላል፤ ቱርሚ መንገድ ላይ ግን በጎ አድራጎት ነው። ልጁ የፈለገው ጠርሙሱን ሳይሆን ጠርሙሱ የሚሞላበትን ቧንቧ ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ጉዞን ያመርራል።

ገንዘብ ሲይዙ ዝርዝር ብር ይያዙ። ሙርሲ መንደር ፎቶ በቁጥር ይከፈልበታል። የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። መኪናው አቧራውን አስከትሎ ይቆማል። በሩ ሳይከፈት ካሜራው ይከፈታል። የታች ከንፈሯ ላይ ክብ ሸክላ ያደረገች እናት መጥታ ትቆማለች፤ ዓይኗ ሌንሱ ላይ ሳይሆን የእርስዎ ጣት ላይ ነው። ቀጭ ሲል አንድ፣ ቀጭ ሲል ሁለት። እርስዎ ጣትዎን ሳያነሡ ያንጣጡታል። ከዚያ ክርክር ነው። «ከዚህ ሁሉ አንዷን ብቻ ነው የማስቀረው፣ ስለዚህ አንድ ፎቶ ነው» ይላሉ። እሷ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥርልዎታለች። ሒሳብ አልተማረችም ብለው የገመቷት ሴት ሒሳቡን አልሳተችም።

ይሄኔ ከቤት አጥፈው ያመጡትን ቁጣ ያውጡ። «ቱሪስት አበላሻቸው! ድሮ እንዲህ አልነበሩም! ገንዘብ ብቻ ሆኑ!» ድሮውን የት እንዳዩት የሚጠይቅዎ የለም። ለመኪና ኪራይ ከፍለዋል፣ ለሆቴል ከፍለዋል፣ ለፓርኩ መግቢያ፣ ለአስጎብኚው፣ ጠመንጃ አንግቶ ለተከተልዎ ስካውት ከፍለዋል። ከእነዚህ አንዱም አልተበላሸም። የተበላሸችው ይህ ሁሉ ሰው እንጀራ የሚበላባትና ለራሷ ፊት ዋጋ የጠየቀችው ብቻ ናት። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ተከፍሏት የምትቆም ሞዴል ሙያ አላት፤ በራሷ ደጅ ተከፍሏት የምትቆም ሙርሲ ስግብግብ ናት። በራሷ ላይ የደረደረችው ቀንድና ቅል የዘወትር አለባበሷ እንዳልሆነ፣ ለእንግዳው ሲባል የተደረገ ጌጥ እንደሆነ ቢነግሩዎት ደግሞ «ተታለልኩ!» ይበሉ። እርስዎ ያንን ካኪ ሰደርያ ለብሰው ቢሮ የሚገቡ ይመስል።

ስለሚጎበኙት ሰው ምርጫ ጥንቃቄ ያድርጉ። ደቡብ ኦሞ የ16 ብሔረሰቦች ምድር ሲባል የኖረ ነው፤ ለስልክዎ ማኅደር ግን ሦስት ይበቃሉ። ሐመርን ለፀጉሯ፣ ሙርሲን ለከንፈሯ፣ ካራን ለገላው ቀለም። አሪን ይዝለሉት። ጂንካ ዙሪያ ካለው ሕዝብ በቁጥር ብዙው እሱ ነው፤ እንሰትና ቡና ያለማል፣ ማር ይቆርጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ብረት ይቀጠቅጣል፣ የጂንካን የቅዳሜ ገበያ ይሞላል። ጥፋቱ ሱሪ መልበሱ ነው። ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየምም ከሩቅ ይሳለሙት። አንድ ሰዓት ቢቆዩበት ማን ከማን ጋር እንደሚዋለድ፣ ማን በምን ቋንቋ እንደሚናገር አውቀው ይወርዱና መንደር ሲደርሱ ፎቶ ማንሣቱ ሊያሳፍርዎ ይችላል። ለማስታወሻ በቀይ አፈር ከተማ የሐሙስ ገበያ ላይ አንድ በርኮታ ይግዙ፤ የሐመር ሰው ሲሄድ በእጁ ይዞት፣ ሲያርፍ ተቀምጦበት፣ ሲተኛ ተንተርሶት የሚኖረውን። ሳሎንዎ ያኑሩትና እንግዳ ሊቀመጥበት ሲል ይቆጡ።

የሐመርን ከብት ዝላይ ለማየት ፕሮግራምዎ ላይ «ማክሰኞ ከሰዓት» ብለው ያስጽፉ። ዘላዩ ወጣት ለዘመዶቹ ቋጠሮ ያለው ገመድ ያድላል፤ ተጋባዡም በየቀኑ አንድ ቋጠሮ እየፈታ ቀኑን ይጠብቃል። በዚህ አቆጣጠር ዘመድ ሁሉ በቀኑ ይገናኛል፤ ከአስጎብኚ ድርጅት ፕሮግራም ጋር ግን አይናበብም። ቋጠሮው ካላለቀ «እንዴት ቢያንስ ለእኛ አንድ በሬ አይዘልልንም?» ብለው አስጎብኚውን ያስጨንቁት። ቀኑ ከገጠመልዎት ደግሞ ከዘመዶቹ ፊት ቀድመው ይቁሙ። ልጁ ከልጅነት ወደ ጉልምስና ሲሻገር እናቱ እንድታይ ተብሎ የእርስዎ ቪዲዮ በትከሻዋ አይጋረድ።

ሲመለሱ የሚያወሩትንም ከቤት ይዘው ይሂዱ። «ጊዜ የቆመበት»፣ «ዘመን ያልነካው» የሚሉት ሐረጎች ቀላል ናቸው፤ የአውሮፕላን ኪሎ አይጨምሩም። ኦሞ ኪቢሽ ላይ በ1967 እ.ኤ.አ. የተገኘውን ጥንታዊ የሰው ቅሪት ጥቀሱልኝ የሚል ካለ ይጥቀሱ፤ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ዕድሜውን ቢያንስ 230,000 ዓመት ብለውታል። ከዚያ ያ አጽምና የዛሬው የሐመር ጎረምሳ እኩያ የሆኑ ያህል አድርገው ይተርኩ። አጽሙ የእርስዎም ቅድመ አያት ሊሆን እንደሚችል ግን አያንሡ፤ ወሬው ይቀዘቅዛል። ዘመን አልነካቸውም ከሚባሉት ሰዎች በላይ፣ ኦሞ ወንዝ ላይ 243 ሜትር የሚረዝም ግድብ እንደተሠራም አያንሡ። ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተገንብቶ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኦሞም በየዓመቱ ሞልቶ ሲጎድል ዳርቻው ላይ ትቶት የሚሄደው፣ ሙርሲና ካራ ማሽላ የሚዘሩበት ደለል ቀረ። ማሽላው የቀረበት ሰው ብር ቢጠይቅ ምን ይገርማል? ማታ ሆቴልዎ ገብተው የካሜራዎን ባትሪ ሶኬት ላይ ሲሰኩ መብራቱ ምናልባት ከዚያው ወንዝ የመጣ ይሆናል። ባትሪውን ሞልተው ጠዋት ተመልሰው «ዘመን ያልነካቸው» ብለው ያንሷቸው።

ሻንጣው አሁን ሞልቷል፤ ዚፑም በግድ ነው የሚዘጋው። የቀረ ነገር ቢኖር አንድ መልስ ነው። ለብዙ ዓመታት ሙርሲዎች ዘንድ እየተመላለሰ ያጠናቸው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን፣ ሙርሲዎች እነዚህ ሰዎች ፎቶ የሚያነሡን ለምንድን ነው ብለው ይጠይቁት እንደነበር ጽፏል። ጥያቄው ከማንም ጎብኚ ጥያቄ የተሻለ ነው። መልስ ያለዎት ከሆነ ጃንጥላውን በተዉበት ቦታ ይዘውት ይሂዱ፤ ለመስማት ጊዜ አላቸው። ከሌለዎት ግን ያቺ እናት ስትቆጥር አይከራከሯት፤ የቆጠረችውን ይክፈሏት።