ጎማው ሲፈነዳ

በአሮጌው መንገድ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ የሚኒባሱ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ከጎኔ የነበሩት እናት ያን ጊዜ ብርቱካን ልጠው፣ «እንካ ልጄ፣ መንገድ ጉሮሮ ያደርቃል» እያሉ ግማሹን ሲዘረጉልኝ ነበር። መኪናው ወዲያና ወዲህ ተወላግዶ አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ቀበረ። «እመብርሃን!» የሚል ጩኸት፣ አቧራ፣ ከፌስታል የተበተነ ብርቱካን። ተመስገን ነው፣ ከጭረት በቀር የተጎዳ አልነበረም። ሾፌሩና ረዳቱ ጎማ እስኪቀይሩ ብርቱካኑን ለቃቅመን ለሴትዮዋ አስረከብናቸው።

ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ብርቱካን ሲላጥ ልቤ ይደልቃል፣ መዳፌን ያልበኛል። ሚኒባስ ስሳፈር ምንም አይለኝም፤ ሽታው ነው የሚያስበረግገኝ። ጎማውን ያፈነዳው ብርቱካን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ገላዬ ግን እውቀቴን አይሰማም። አክስቴ ይህን ስነግራቸው አልሳቁም። ቡና ባፈሉ ቁጥር ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ አንድ ብርቱካን መላጥ ጀመሩ፤ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ወንበራቸውን ትንሽ ትንሽ ያስጠጋሉ። ይህን ከየትም መጽሐፍ አላነበቡም።

እኔ ግን መጻሕፍት አገላብጬ ነበር። ጆን ዋትሰን የሚባለው አሜሪካዊ በ1913 እ.ኤ.አ. ተነስቶ፣ ሥነ ልቦና የኅሊናን ነገር ትቶ የሚታየውን ባሕርይ ብቻ ይመርምር አለ። ትምህርቱ ቢሄቪየሪዝም ይባላል። ጤነኛ ሕፃናትንና እንደ ፈቃዱ የሚያሳድግበትን ዓለም ቢሰጡት፣ የፈለገውን ልጅ ሐኪም ወይም ሌባ አድርጎ እንደሚያወጣ ጽፏል። በ1928 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳይስሙና እንዳያቅፉ፣ ጠዋት በእጅ ሰላምታ ብቻ እንዲያገኟቸው መከረ። አንጀቴ አልቻለውም።

በ1920 ከሮዛሊ ሬይነር ጋር ያሳተመው ሙከራ ግን በእኔ ላይ የደረሰው ነው። አልበርት ያሉት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነጭ አይጥ አይፈራም ነበር። እጁን ወደ አይጧ ሲሰድ ከኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ መቱ። ደጋግመው እንዲህ ካደረጉ በኋላ ድምፅ ሳይኖር አይጧን ሲያይ ማልቀስ ጀመረ፤ ጥንቸልም ፀጉራም ካፖርትም ያስፈራው ነበር። ከነበረበት ሆስፒታል ሲወጣ ያንን ፍርሃት ከላዩ ያነሳለት ሰው አልነበረም።

ገላ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደሚማር ዋትሰን ልክ ነው፤ እመሰክርለታለሁ። ሰው ግን ይህ ብቻ ነው ሲል አልከተለውም። የቋንቋ ሊቁ ኖም ቾምስኪ በ1959 የሌላውን ቢሄቪየሪስት፣ የስኪነርን የቋንቋ መጽሐፍ ሲተች እንዳሳየው፣ ልጅ ማንም ያላስተማረውን፣ ከዚያ በፊት ያልሰማውን ዐረፍተ ነገር ይናገራል።

ከዚህ ሁሉ ልቤ የሚያርፈው የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ከቨር ጆንስ ላይ ነው። ፒተር ስለተባለ ልጅ በ1924 ያሳተመችውን አንብቡ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ፒተር ጥንቸል፣ አይጥ፣ ጥጥ እንኳ ይፈራ ነበር። ጆንስ መጀመሪያ ጥንቸሉ ባለበት ከማይፈሩ ሕፃናት ጋር ታጫውተው ነበር። መሀል ላይ ልጁ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ሲወጣ ትልቅ ውሻ ዘሎበት አስደነገጠው፣ ፍርሃቱም እንደ ድሮው ሆነ። የተለፋበት ሁሉ ፈረሰ። ጆንስ እንደገና ከሩቁ ጀመረች፤ እሱ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን በሽቦ ቤት አድርጋ ታሳየዋለች፤ ካለቀሰ ታርቃለች፣ ዝም ካለ ታስጠጋለች። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉን እያሻሸ ጣቱን እንዲነክስ ይተወው ጀመር።

በዚህ ሥራ ጆንስን ያማክራት የነበረው ዋትሰን ራሱ ነው። መፍቻው ሲገኝ እዚያው ነበር፤ አልበርትን ፈልጎ ያመጣ ሰው ግን አልነበረም።